ጉሙ እንዳይነሳ የጸለይኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ከሌላ በረራ የሚመጡ ሁለት መንገደኞች ስላሉ እንጠብቃለን ተባለ። ከጎኔ የነበረው ጎልማሳ፣ «ለሁለት ሰው ብለው እኛን ሁሉ!» አለ። ሆዴ ግን፣ እስኪመሽም ቢሆን ጠብቁ ይል ነበር።

ነገሩ የሆነው ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ልጃገረድ ሳለሁ ነው። ክረምቱ ጫጫ አጠገብ ያለውን ድልድይ ወስዶት የአዲስ አበባው አውቶቡስ ቆሟል። ከደብረ ብርሃን አንኮበር በሚወስደው መንገድ ባለው መንደራችን፣ ታላቅ እህቴ ብዙነሽ ምጥ ጠንቶባታል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ አዲስ አበባ ካልደረሰች እንደማትተርፍ ቁርጡን ነገረን። ከደብረ ብርሃን ዳር ካለው ሜዳ አልፎ አልፎ ወደዚያ የምትነሳ ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። እህቴን በቃሬዛ እስኪያመጧት፣ ቦታ ላስይዝ በበቅሎ ቀደምኩ።

ሜዳውን ጉም ውጦታል። መንገደኞቹ ጋቢ ተከናንበው የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ ጉሙን ይረግማሉ። እኔ ብቻዬን፣ «እመቤቴ፣ እንዳታነሺው» እላለሁ። እንዲያ ያለ ጸሎት ከዚያ በፊትም በኋላም ጸልዬ አላውቅም።

ረፋዱ ላይ ጉሙ ተነሳ። የአውሮፕላኑ ወኪል ደግ ሰው ነበር፤ ፈረንጁን አብራሪ ለምኖ አስቆመልኝ። ብዙም ሳይቆይ ግን በምሥራቅ፣ ከገደሉ ሥር ሌላ ጉም ሲወጣ ታየ።

«ልጄ፣ አውሮፕላኗ አሁን ካልተነሳች ዛሬ አትነሳም» አለኝ ወኪሉ። «ውስጥ ያሉትም ሰዎች ናቸው። አንዷ እሳት የበላው ልጅ ታቅፋለች።»

«ጋሼ፣ በሞቴ! ደርሰዋል እኮ!»

«የታሉ?» አለና ባዶውን መንገድ አሳየኝ።

የዘገዩበትን ኋላ ሰማሁ። በእኛ አገር በሽተኛ የሚሸከመው የየአጥቢያው ሰው ነው፤ ድንበር ሲደርስ ለሚቀጥለው አጥቢያ ያስረክባል። ሳያስረክቡ ማለፍ፣ «እናንተ ዘንድ ሰው የለም» ብሎ መስደብ ነው። የእኛዎቹ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ተቀባዮቹ ቀብር ላይ ነበሩ። ቃሬዛውን አውርደው ጠበቁ። ሰው እየሞተች ለይሉኝታ ጠበቁ! ዛሬም ስናገረው ያንገበግበኛል።

ቃሬዛው ሜዳው ጫፍ ብቅ ሲል አውሮፕላኗ ከራሳችን በላይ ነበረች። ብዙነሽ ድምፁን ሰምታ ዓይኗን ገለጠች።

«መጣች?»

«አዎ፣ መጣች» አልኳት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ብዙነሽ እዚያው ሜዳ ላይ አረፈች፤ በሆዷ ያለው ልጅም አብሯት ሄደ።

የተጠበቁት ሁለት መንገደኞች እያለከለኩ ገቡ። ጎልማሳው ሰዓቱን አይቶ አጉረመረመ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እሳት የበላው ልጅ መትረፉን በኋላ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የምረግመው ሰው እንኳ የለኝም።