ማህደር የሌለው መንገድ

የምንኖርበት የቀበሌ ቤት በሩ የሚከፈተው በአንዲት ቀጭን መተላለፊያ ጫፍ ላይ ነው። መተላለፊያዋ በሁለት ግቢዎች አጥር መካከል ቁልቁል ወርዳ ሱቆቹና መስጊዱ ጋ ታወጣለች። ሁለት ወፍራም ሰዎች መሀሏ ላይ ከተገናኙ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ እኔና የልኳንዳ ቤቱ ባለቤት ሚስት አንድ ጊዜ ተፋጠን ቆመን፣ ማን ይመለስ እያልን በሳቅ የሞትንበት ቀን አለ። ስም የላትም። እኔም ስለ እሷ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ሰው በየቀኑ የሚረግጠውን ነገር መቼ ያስባል።

የሚያስብላት ሰው ቢኖር ታላቅ እህቴ ነበረች። ስኳር በሽታ ዓይኗን ከወሰደባት ወዲህ አብራኝ ነው የምትኖረው። በራችን ፊት ለፊት ያለው ትልቁ መንገድ ባጃጅና አይሱዙ የሚተራመስበት ስለሆነ ለብቻዋ አትወጣበትም። በመተላለፊያዋ ግን ግራ እጇን ግንቡ ላይ አድርጋ እንደ ልቧ ትወርዳለች። ልያዝሽ ስላት ትቆጣለች።

«ምሪኝ ብዬሻለሁ? ዓይኔ ነው የሄደው፣ እግሬ አለ።»

የምትሄደው ሩቅ አልነበረም። በግራ በኩል ያለው ግቢ የኢዶ ነው። ኢዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ እኛ ሰፈር ኦሮሞውም አማራውም ሐረሪውም ሴትዮዋን በዚሁ ነው የሚጠራት። ኢዶ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ማድቤቷ ወደ መተላለፊያዋ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ የእህቴ እጅ የማድቤቱን ማዕዘን ሲነካ ደርሳለች ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ከአሱር ሶላት በፊት ሄዳ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ኢዶ ከመጀመሪያው ጥብስ አንዱን እጇ ላይ ታስቀምጥላታለች፣ እህቴ ትፈርዳለች። «ዛሬ በርበሬውን ማን ሰረቀሽ?» ትላለች። ኢዶም «ፈራጅ አድርጎ ማን ሾመሽ፤ ቅመሺና ዝም በይ» ብላ ትሳደባለች፣ ግን በርበሬውን ትጨምራለች። የእህቴ ቀን ማለት ይሄ ነበር። ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት እሱን መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ ያለው እሱን ማውራት።

ታዲያ በቀኝ በኩል ያለው ግቢ ተሸጠ። የገዛው ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው፣ ክፉ አልነበረም። ግንባታ ሊጀምር አሸዋና ብሎኬት አራገፈና መተላለፊያዋን ከላይም ከታችም በቆርቆሮ ዘጋት። ሄጄ አነጋገርኩት።

«እህቴ፣ ወላሂ የማንንም መሬት አልፈልግም» አለኝ። ካርታውንም አውጥቶ አሳየኝ። አዲስ ካርታ ነው፣ በኮምፒውተር የወጣ፤ በሌሎቹ በኩል አዋሳኞቹ ተጽፈዋል፣ በመተላለፊያዋ በኩል ግን ባዶ ነው። «ሻጩ እስከዚያ ግንብ ድረስ የኛ ነው ብሎኛል። እዚህ ላይ የማንም ስም የለም። የሕዝብ ነው የሚል ወረቀት አምጪ፣ ቆርቆሮውን በገዛ እጄ ነው የማነሳው።»

ወረቀት አምጪ ሲባል እኔ አልፈራም። ትምህርት ቤት የገባሁት ልጆቼን ለማድረስ ብቻ ነው፤ ፊደሉን ከእነሱ ደብተር ላይ ለቃቅሜ፣ የቀረውን ከመድኃኒት ካርቶንና ከሱቅ ታፔላ ላይ ነው የተማርኩት። በዚህ ምክንያት የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልችልም። ማመልከቻዬን ራሴ ጻፍኩ፣ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ በባጃጅ ወደ ከዚራ ሰፈር ወረድኩ።

የመሬት ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ነው። ወረፋዬን ስጠብቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ አነበብኩት። የትኛው አገልግሎት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ተዘርዝሯል፤ ከሥሩ ደግሞ ተገልጋይ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ተጽፏል። ልቤ ሞቀ። ተራዬ ሲደርስ መነጽር ያደረገ ወጣት ባለሙያ ማመልከቻዬን አገላበጠው።

«ማህደሩ በማን ስም ነው ማዘር?»

«በማንም። መንገድ ነው።»

«ይዞታው የአንቺ ነው?»

«የእኔማ አይደለም። እረግጠዋለሁ።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ልጁም ሳቀ፣ ግን ወዲያው አዘነልኝ መሰለኝ ወንበር አስጠጋልኝ። «ስሚ ማዘር» አለኝ፣ «መዝገብ ቤት ያለው ማህደር ሁሉ የሚከፈተው በባለይዞታ ነው። መንገድ ግብር አይከፍልም፣ አያወርስም፣ አይሸጥም፣ አይፋታም። ምን ጉዳይ አለውና ማህደር ይከፈትለታል?»

«ታዲያ ባለይዞታ ከሌለው መንገዱ የለም ማለት ነው?»

«ይኖራል። ግን በሌላ ሰው ወረቀት ዳር ላይ ነው የሚኖረው። አዋሳኝ ሆኖ። ግራና ቀኝ ያሉት ሰዎች ማህደር ውስጥ በዚያ በኩል የሚያዋስናቸው ምን እንደሆነ ይጻፋል። የአንደኛው ካርታ ባዶ ከሆነ የሌላኛውን እይ። የድሮ ፕላን ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። ብቻ የሰው ማህደር ለሰው አይወጣም፤ ባለይዞታው ራሱ መጥቶ ይጠይቅ።»

በባጃጁ ስመለስ ይሄን ነገር እያሰብኩ ነበር። የሁሉም የሆነ ነገር የራሱ ወረቀት የለውም። የጎረቤት ወረቀት ዳር ተጠግቶ፣ ሰው እስኪጠይቅለት ድረስ ይቀመጣል። እህቴም እንደዚያ ሆና ታየችኝ፤ በእኔ ቤት፣ በኢዶ በርጩማ ላይ፣ በሌላ ሰው ግንብ ዳር። ለማንም አልነገርኩም እንጂ ዓይኔ እንባ አዝሎ ነበር፤ ባለባጃጁ «አቧራ ነው አይደል? መጋረጃውን ልልቀቀው?» አለኝ።

ኢዶ ዘንድ በትልቁ መንገድ ዞሬ በዋናው በሯ የገባሁት እየሮጥኩ ነው። ለእህቴ ስትል ይህቺን ትንሽ ነገር የማታደርግ መች መሰለኝ። ሊጡን እየዳመጠች ሰማችኝ፣ ሰማችኝና «አይሆንም» አለች።

«እንዴ ኢዶ! ወረቀቴን አሳዩኝ ማለት ብቻ እኮ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ የተኛ ማህደር አይቀሰቀስም። እኛ ወረቀቱን ልናይ ስንሄድ ወረቀቱ እኛን ያየናል።»

በርግጥ ይሄ የእሷ ብቻ ፍርሃት አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ ቢሮ ሄዶ ስለራሱ ቤት የሚጠይቅ ሰው የለም። ተጠርተን እንሄዳለን እንጂ ሳንጠራ አንሄድም። ወረቀት የሚወጣው ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲሸጥና ጠብ ሲነሳ ስለሆነ፣ እንዲሁ ወጥቶ ከታየ ከሦስቱ አንዱን የሚጠራ ይመስለናል። እኔ ግን የዚያን ቀን ይሄ አልታየኝም። ተናደድኩ። እህቴ እኮ እቤት ተቀምጣ ግድግዳ ትዳብሳለች አልኳት።

ኢዶ መዳመጫውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወደ ተዘጋችው መተላለፊያ ይዛኝ ወጣች፣ የማድቤቷን ማዕዘን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«ይሄ ከየት የመጣ ይመስልሻል? ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ ማድቤቱ ጠበበኝ ስለው ግንቡን ወደ መንገዱ ገፋው። ማንም ምንም አላለም። አሁን ፕላኑን ካወጣሁት መንገዱ የሕዝብ ነው ይላል፣ እሺ። ከዚያስ? ማድቤትሽ መንገዱ ላይ ምን ይሠራል ይለኛል። ምጣዴ፣ ምድጃዬ፣ ኑሮዬ እዚህ ነው ያለው።»

የእህቴን መንገድ ለማስከፈት የእሷን ማድቤት ላስፈርስ ነው። «ተይው ኢዶ» አልኳት፣ «አፉ በይኝ» አልኳት፣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ዙሩ ረጅም ነው። በትልቁ መንገድ ሄጄ፣ ባጃጅ እየሸሸሁ፣ በዚያች ሙቀት። ስገባ እህቴ በሩ አጠገብ ቆማ ቆርቆሮውን በመዳፏ ትዳብሳለች።

«ሽታው ይመጣል» አለችኝ። «ዛሬ ዘይቱ አልጋለም። በጥሬው ነው ያወጣችው።»

ቀናት አለፉ። እኔ ሌላ መንገድ ሳወጣ ሳወርድ፣ አንድ ጠዋት ገና ቁርስ ሳይቀርብ በሩ ተንኳኳ። ኢዶ ናት። የዒድ ሻሿን አስራለች፣ ጃንጥላ ይዛለች፣ በላብ ርሳለች፤ በትልቁ መንገድ ዞራ ነው የመጣችው።

«ተነሺ፣ ቢሮው ሳይሞቅ።»

«ኢዶ፣ ማድቤትሽስ?»

«ሳምቡሳዬን የሚሰድብልኝ ሰው ጠፋ» አለች። ይሄን ስትል ወደ እኔ አላየችም፣ ወደ ጓዳው ነው ያየችው። እህቴ ከውስጥ ሰማች፣ «ሰማሁ፣ ዘይቱን አታግይም» አለች። ኢዶ «አንቺን ማን አናገረሽ!» ብላ ጮኸችና ጃንጥላዋን ዘርግታ ወጣች።

በመንገድ ላይ አደራ አልኳት። ፕላኑን ብቻ ጠይቂ፣ ማህተም ያለበትን ኮፒ ተቀበይ፣ ሌላ ነገር አታንሺ። «እሺ፣ እሺ» አለች። ያው ባለመነጽሩ ልጅ አወቀኝ፣ የኢዶን መታወቂያ አየ፣ ጥያቄዋን በጽሑፍ ተቀበለ፣ ወደ መዝገብ ቤት ገባ። ሲመለስ አቧራው መነጽሩ ላይ ሰፍሯል። ማህደሩ ውስጥ በእጅ የተሳለ፣ መታጠፊያው ላይ የተቀደደ የድሮ ፕላን አለ። አንገቴን አስግጌ አነበብኩት። በምዕራብ፦ የሕዝብ መተላለፊያ። ስፋቱ ሳይቀር ተጽፏል።

«ይኸው ማዘር» አለኝ ልጁ፣ እሱም ደስ ብሎታል። «ኮፒ አድርጌ ማህተም ላስመታላችሁ።»

አልሐምዱሊላህ ብዬ የኢዶን ክንድ ሳብኩ። ኢዶ ግን አልተነሳችም።

«ልጄ» አለችው፣ «ጻፍ። ማድቤቴ ወጥቷል።»

«ምን?»

«መንገዱ ላይ ወጥቷል። ይህችን ያህል» ብላ ክንዷን ዘረጋችለት።

ልጁ እኔን አየኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። «እናቴ» አላት ቀስ ብሎ፣ «እኔ እኮ አልጠየቅኩሽም።»

«አትጠይቅማ። ነጋዴው ቆርቆሮውን ሲያነሳ እኔ ማድቤቴ ውስጥ ተደብቄ ልየው? ጎረቤት ነን እኮ።»

«አቦ ኢዶ!» አልኩ። ልጁ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «እንግዲህ ሰማሁ» አለ። «ከሰማሁ ደግሞ መጥቼ መለካት አለብኝ።»

መጣ፣ ለካ። ነጋዴው ኮፒውን አነበበና ቃሉን ጠበቀ፤ በዚያኑ ቀን ቆርቆሮውን በገዛ እጁ ነቀለ። የኢዶን ነገር ሲሰማ ደግሞ ሳቀ፣ «እኔን ለማስነሳት ራሷን አፈረሰች?» አለ። ግንበኞቹን ግን ላከላት። የማድቤቱን ግንብ አፍርሰው ወደ ውስጥ መልሰው ሠሩላት፤ ምድጃዋ ጠበበ፣ መደርደሪያዋ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ኢዶ ግንበኞቹን ከጠዋት እስከ ማታ ስትሳደብ፣ እነሱም ሳምቡሳ ሲበሉ ሥራው አለቀ።

የእኔን የመጀመሪያ ማመልከቻ አልመለሱልኝም። ገቢ ቁጥር ተሰጥቶት እዚያው ቀርቷል። የተያያዘበትን ማህደር አላውቅም፤ መንገዷ ማህደር የላትም። ቢሆንም አንዳንዴ ሳስበው ደስ ይለኛል። ስለ እሷ አንድ ሰው መጥቶ እንደጠየቀ የሚያሳይ ወረቀት እዚያ ቤት አለ።

መንገዱ በተከፈተ ማግስት እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እኔ ከኋላዋ በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ። ግራ እጇ ግንቡን እየዳሰሰ ወረደች፣ ወረደች፣ ያ ማዕዘን ሊመጣ በሚገባው ቦታ ላይ ደረሰች። ማዕዘኑ የለም። አዲሱ ግንብ ለስላሳ ነው። እጇ አልቆመም፤ አለፈች። ልጮህ አፌን ስከፍት ኢዶ ከውስጥ ቀደመችኝ።

«ወዴት ነው እሱ? አልፈሽኝ ልትሄጂ ነው?»

እህቴ ቆመች። ወደ ኋላ ተመልሳ ግንቡን በሁለት እጇ ዳበሰችው፣ ከላይ እስከ ታች።

«ማድቤትሽ የት ሄደ?»

«ወደ ውስጥ ገባ። አንቺም ግቢ፣ ዘይቱ ግሏል።»