ለኳርተርባክ ቦታ የተላክን ሽማግሌዎች

በሥራዬ ዘመን ብዙ ሰው ለምኖኛል። ይሄን ጻፍልን የሚል አለ፤ ያንን ተውልን የሚል አለ። አሰልጣኝ ዘንድ ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ ያለኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሰውየው ዴንቨር ከተማ፣ ሞንትቤሎ በሚባል ሰፈር አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ነው። ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ሚስቱ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ልጃቸው ዴንቨር ውስጥ ባለ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወት ነበር። ቦታው ኳርተርባክ ነው። ኳሷን የሚቀበል፣ ለማን እንደምትወረወር በቅጽበት የሚወስን፣ ሌሎቹ ሁሉ አፉን የሚጠብቁት ተጫዋች ማለት ነው። ይህ ቦታ የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሌላው ቦታ ሁለት ጎበዞች ቢኖሩ ሁለቱንም ማሰለፍ ይቻል ይሆናል። እዚህ ግን አንዱ ይጫወታል፤ ሌላው ሄልሜቱን ታቅፎ መስመር ዳር ይቆማል።

በዚያ ነሐሴ ለቦታው ሁለት ልጆች ነበሩ፤ የጎረቤቴ ልጅና ቶርንተን ከምትባለው ጎረቤት ከተማ የመጣ ቁመተ ረጅም ልጅ። አሰልጣኙ የመጀመሪያውን ጨዋታ የሚጀምረውን ዓርብ እናገራለሁ ብሎ ነበር። በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ጎረቤቴ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ቤቴ መጣ።

«ጋሼ፣ ኮቹ ዓርብ ስም ሊጠራ ነው» አለኝ። «የዚያኛው ልጅ አባት ድሮ እዚያው ኮሌጅ ተጫውቷል። ከኮቹ ጋር ቡና ይጠጣል። የኔ ልጅ ማን አለው?»

«ክንድ አለው።»

«ክንድ ብቻውን ምን ያደርጋል? ሰው ያስፈልጋል። ሽማግሌ ልልክ ነው።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ሚስቴን ያገኘሁት በሽማግሌ ነው። ከወንድሜ ጋር ተኳርፈን የታረቅነው በሽማግሌ ነው። ኮቹስ ሰው አይደለም እንዴ?»

ጋዜጠኛ መሆኔን አስታወስኩት። ስለዚያ ቡድን የሚጽፈው ባልደረባዬ ቢሆንም ያው የአንድ ጋዜጣ ሰዎች ነን። እምቢ አልኩ። በማግሥቱ ሚስቱን ይዞ ተመልሶ መጣ፤ ያኔም እምቢ አልኩ። ኋላ ግን እኔ ብቀርም እንደማይቀሩ ገባኝ። እንግሊዝኛ በቅጡ የማይናገሩ ሁለት አዛውንት፣ ከመንገድ ያገኙትን አስተርጓሚ ይዘው ሊሄዱ ነው። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥኩ። እኔ ራሴ አልለምንም። ያየሁትን ለጋዜጣ አልጽፍም፤ ለባልደረባዬም አልናገርም። የተባለውን ሁሉ፣ ከሁለቱም ወገን፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ እተረጉማለሁ። ፍርድ ቤት ስዘግብ በኖርኩበት ጊዜ ቃል የሚያለዝብ አስተርጓሚ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ አይቻለሁ።

«ከዚህ ሌላ ምን እንፈልጋለን?» አለ ጎረቤቴ፤ እጄን ይዞ።

ወደ ኮሌጁ በምንሄድበት ዋዜማ፣ ረቡዕ ማታ፣ ጎረቤቴ ቤት ተሰባሰብን። ከተላኩት ዋነኛው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሁሉም አባባ የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ከዋጋና ከአድራሻ ያለፈ እንግሊዝኛ ሳይለምዱ ዴንቨር ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ያረጁ፣ አሁን ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ አፓርትመንት ውስጥ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ልጁን ከትምህርት ቤት እያመላለሱ ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ሰሞን የልጁ መኪና ጋራዥ ስለገባ ጠዋት ጠዋት ወደ ልምምድ የሚያደርሱትም እሳቸው ነበሩ። ሁለተኛው የደብራችን ቄስ ናቸው።

ልጁ ገብቶ ሁላችንንም ሰላም አለ። ቤት ውስጥ መነጽሩን አላወለቀም፤ ጥቁር የፀሐይ መነጽር። እናቱ ያቀረበችለትን ሽሮ ሳይነካ ተነሣ።

«ጾሙ ነው» አለች እናቱ። «ፍልሰታን እጾማለሁ ብሎ በዚህ ፀሐይ ይሮጣል። ራሱን ያመዋል፤ ተው ብለው እምቢ አለኝ።»

«አይም ፋይን፣ ማሚ» አለና ወደ ክፍሉ ሄደ። ለምን እንደተሰበሰብን አልነገሩትም ነበር። መነጽሩን አይቻለሁ። የዘመኑ ልጆች ቤት ውስጥም ያደርጉታል ብዬ አለፍኩት።

በማግሥቱ ጎረቤቴ ቫኑን ኮሌጁ ግቢ ፓርክ አድርጎ እዚያው ቀረ። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይገባም። በሜዳው በኩል ስናልፍ ቄሱ ቆም ብለው አዩ።

«በእጃቸው ይዘውት እየሮጡ እግር ኳስ ይሉታል እንዴ?»

«አባ፣ ዛሬ የመጣነው ልንለምን ነው» አሉ ሽማግሌው። «እሱን ሌላ ቀን ይከራከሯቸዋል።»

አሰልጣኙ በጩኸት ብዛት ድምፁ የሻከረ፣ ትልቅ ሰው ነው። ከቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን አዛውንት ሊያነጋግሩት እንደሚፈልጉ ደውዬ ነግሬው ነበር። ወንበር አሳየን። ሁለቱም አልተቀመጡም።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሽማግሌው። ተረጎምኩ።

አሰልጣኙ ፊቱ ተለወጠ። «ሰው ሞቷል?»

«ኧረ እግዜር ይጠብቀው!» አሉ ቄሱ፤ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው። ይሄም ተተረጎመ። አሰልጣኙ ከወንበሩ ተነሣና አራታችንም ቆመን መነጋገር ጀመርን።

ሽማግሌው ሲለምኑ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «ጌታዬ፣ ልጁ የእኛ ልጅ ነው። ዛሬ የመጣነው የእርስዎም ልጅ እንዲሆን ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን በአባት እግር ሥር ተወድቆ ይለመናል። እኛም በእርስዎ እግር ሥር ወድቀናል።»

አሰልጣኙ እስኪጨርሱ ሰማቸው። ከጠበቅሁት በላይ በትዕግሥት ሰማቸው።

«ቡድን በልመና አልመርጥም» አለ። «ግን እዚህ ድረስ መጥታችኋልና እውነቱን ልንገራችሁ። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ሁለቱ እኩል ነበሩ፤ እንዲያውም የእናንተው ልጅ ትንሽ ይቀድም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘገየ። ግራውን አይቶ ወደ ቀኝ እስኪዞር ጊዜ ይፈጅበታል። ትናንት በእንቅልፉ እንኳ የሚያውቀውን የጨዋታ ስልት ጠርቼለት ጠፋው። ጨዋታው ሲቀርብ ፈርቶ ይሆናል። የሚፈሩ አሉ።»

የመጨረሻውን ስተረጉም ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ፈርቶ? ይሄን ልጅ ነው ፈሪ የሚሉት? ንገራቸው! ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ አንዱ ጥሎት በጭንቅላቱ ወድቋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዬ ውስጥ ሬዲዮውን ዝጉልኝ ይለኛል። ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ ይላል። ትናንት አውራ ጎዳናው ዳር አቁሜለት አስመለሰው። እናቱ ጾም ነው ትላለች፤ ጾም አይደለም። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። እርስዎ ግን አባቱ ነዎት፣ ከአባት አይደበቅም። ይሄን ሁሉ ችሎ አንድ ቀን እንኳ ከልምምድ አልቀረም። ይሄ ነው ፈሪ?»

እሳቸው የተናገሩት ለጀግንነቱ ምስክር ሆነው ነው። እዚያ ቢሮ ውስጥ ግን ይሄ የአንጎል ጉዳት ተብሎ ልጁን ከሜዳ እንደሚያስወጣው እኔ አውቃለሁ። አሰልጣኙ አፌን ያያል።

«ተርጉም እንጂ ልጄ!» አሉ ሽማግሌው። «ምን ያቆምሃል?»

ተረጎምኩ። ሬዲዮውን፣ ፀሐዩን፣ አውራ ጎዳናውን፣ ጾሙን፣ መሐላውን። «ይሄ ነው ፈሪ?» የሚለውንም።

አሰልጣኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቅ ጀመር። በየት በኩል ነው የወደቀው? ስንት ጊዜ አስመለሰው? ሲያወራ ቃል ይጠፋዋል? ሽማግሌው እያንዳንዱን በደስታ መለሱ። ጥያቄው ሲበዛ ልመናው የሰመረ መሰላቸው፤ አንድ ጊዜ ወደ ቄሱ ዞረው በዓይናቸው ምልክት ሰጡ። ከዚያ አሰልጣኙ ስልክ አነሣና የቡድኑን ሐኪም ጠራ። ሲጨርስ እኔን አየ።

«ልጁ ዛሬ ሜዳ አይገባም በላቸው። ነገም አይገባም። ሐኪም ይግባ ካላለ በቀር ተመልሶ አይገባም።»

ነገርኳቸው። ያኔ ሽማግሌው ማንም ሳይጋብዛቸው ተቀመጡ።

ስንወጣ አሰልጣኙን በር ላይ ማንን ሊጠራ አስቦ እንደነበር ጠየቅሁት። «አሁን ምን ይጠቅማል?» አለኝ። እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዓርብ የቶርንተኑ ልጅ ስም ተጠራ። ባልደረባዬ፣ ሌላው በሕክምና ምክንያት እንደማይሰለፍ ጻፈ። ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ተቀምጦ ነበር፤ በገባሁት ቃል መሠረት ዝም አልኩ። ሐኪሞቹ ልጁን ሲጠይቁት በሃይስኩልም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ተመትቶ መደበቁን ተናገረ። ፉትቦል አበቃ አሉት፤ ለዚህ ዓመት ብቻ አይደለም። ገጽ ሲያነብ መስመሩ ስለሚዋኝበት ትምህርቱንም አቋረጠ። የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን አባቱን ደጁ ላይ አየሁት። ቫኑ ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ ጨዋታውን በሬዲዮ ይሰማ ነበር። ቤት ውስጥ ሬዲዮ መክፈት ቀርቷል።

ከዚያ ወዲያ ጎረቤቴ እኔንም ሽማግሌውንም ሰላም ማለት ተወ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌው ሲጠጉት እሱ ቦታ ይቀይራል። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሽማግሌው ደውለው ይቅርታ ልጠይቅ ነውና አብረኸኝ ሂድ አሉኝ። ሄድኩ።

የጎረቤቴ ሳሎን መጋረጃው ተዘግቶ ጨልሟል። እናትየው ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ሽማግሌው ከለከሏት።

«ጾም ነው አልኩ» አለች፤ ቆማ እያለቀሰች። «በሽተኛ ስጠብቅ የምውለው ሴትዮ፣ የራሴን ልጅ ጾም ነው አልኩ።»

«ይቀመጡ» አለ አባትየው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ።

«ይቅርታ ሳላገኝ አልቀመጥም።»

«አንድ ቀን ቢታገሡን ኖሮ ምን ነበረበት? አንድ ቀን! ስሙ ይጠራ ነበር።»

ልጁ ድምፅ ሰምቶ ከክፍሉ ወጣ። መነጽሩን አድርጓል፤ ከስቷል።

«ሲት ዳውን፣ አባባ» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። «የግድ መተርጎም ነበረብህ?»

«አዎ።»

«ጉንፋን ይዞት ነው ብለህ ማለፍ ትችል ነበር።»

«እችል ነበር።»

ግድግዳውን ደገፍ አለ። የጠፋበትን ቃል እየፈለገ መሆኑ ያስታውቃል።

«አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር የፈለግኩት» አለ። «ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ ብዬ ነበር። ለአባባ የነገርኩት፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል አይናገርብኝም ያልኩት እሱን ብቻ ስለሆነ ነው።»

አባትየው እንግሊዝኛውን ሰምቷል፤ ቀና አላለም። ሽማግሌው ልጁን አዩት፣ ከዚያም እኔን።

«ምን አለ?» አሉኝ።

ተረጎምኩላቸው። አልጨመርኩም፤ አልቀነስኩም። እሳቸው እንደቆሙ ነበሩ።