የምሥራችና የመጋላው ሞተር

ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለቤቴ የምሥራች ስታርፍ፣ ስፌት መኪናዋ ላይ አንድ የጆሮ መሸፈኛ ጅምር ቀርቶ ነበር። ከአሮጌ ብርድ ልብስ የተቆረጠ፣ ጥጥ የተጠቀጠቀበት፣ በላስቲክ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ነገር ነው። ግራ ጆሮው አልቋል፤ ቀኙ ገና ነው። ለለቅሶ የመጡ ዘመዶች እያነሱ «የሕፃን ኮፍያ ይሆን?»፣ «የድስት ማውጫ ነው እንጂ» ሲባባሉ ሰማሁ። የምን እንደሆነ ልጽፍ የተነሣሁት ያን ጊዜ ነው።

እኔ በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ መዝገብ ያዥ ነኝ። ስለ ሰው የሚነገረውንና ሰውየው የነበረውን ለያይቼ ማስቀመጥ ልማዴ ነው። በቀብሯ ላይ በተነበበው የሕይወት ታሪክ የምሥራች «ዝምተኛና አንገቷን የደፋች» ተብላለች። ሁለቱም ስሕተት ነው።

የምሥራች የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ድሬዳዋ ተወልዳ እዚሁ አደገች። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ትናገር ነበር፤ አንዳንዴ ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር። ሌላው ሰው የተጠየቀውን መመለስ ትወዳለች። አንድ ጊዜ ወገቤን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ፣ ሐኪሙ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ወገቡን ነው፤ ግን እሱ አይነግርህም» አለችው። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ እኔን መጠየቅ ተወ።

ሥራዋ በዚያው በእኔ ኮሌጅ ለምህንድስና ተማሪዎች የኢንተርንሺፕ ቦታ መፈለግ ነበር። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከክፍል ወጥቶ በሥራ ቦታ ይለማመዳል፤ የሚቀበለው ካላገኘ አይመረቅም። የምሥራች በስልክ ቦታ ጠይቃ አታውቅም። ባጃጅ ይዛ በር ድረስ ትሄዳለች፣ ሻይ ትጠጣለች፣ የሰውየውን ልጆች ስም ታውቃለች፣ ከዚያ ተማሪዎቹን ትተክልበታለች። ሲሚንቶ ፋብሪካውም፣ ልብስ ስፌቱም፣ ደረቅ ወደቡም በዚህ መንገድ ተማሪ ተተክሎባቸዋል።

በዚያው በ2017 ዓ.ም. ግን አራት የሜካኒካል ተማሪዎች እንግዳ ነገር ይዘው መጡ። መሪያቸው ሲሃም የምትባል፣ ቀጭን፣ ስትናገር ጣቷን የምትቆጥር ልጅ ነበረች።

«እትዬ የምሥራች፣ እኛ በጄት ሞተር ግፊት ላይ ምርምር ነው የምንፈልገው።»

«ሲሚንቶ ፋብሪካው ምን አደረጋችሁ?»

«ሲሚንቶ አይበርም።»

የምሥራች ይህን መልስ ወደደችው። አዲስ አበባ ላሉ ሁለት የምርምር ተቋማት ተጻፈ፤ ሁለቱም ቦታ የለንም አሉ። ሲሃም ያን ጊዜ ሌላ ሐሳብ አመጣች። የከባድ መኪና ቱርቦ አየር ስቦ የሚጨምቅ መዘውር ነው፤ ቡታጋዝ የሚነድበት ቧንቧ ከተበየደለት ራሱ ትንሽ ጄት ሞተር ይሆናል። ከዚያ ሞተሩ በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋ ለክቶ፣ ከስሌቱ ጋር ማስተያየት ነው ምርምሩ። ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍቱ ይረበሻል ብሎ በግቢው እንዳይሠራ ከለከለ። አሮጌ ቱርቦ ደግሞ የጅቡቲ መኪና በሚያድርበት ከተማ አይጠፋም። የምሥራች ባጃጅ ጠርታ መጋላ ሰፈር፣ ጃማዕ ጋራዥ ወረደች።

ጃማዕ ቱርቦና ራዲያተር ጠጋኝ ነው። ከሚከተለው ብዙውን የሰማሁት ከእሱ፣ ከሲሃምና ከጎረቤቱ ከሀሊሞ ነው፤ ሦስቱ የተስማሙበትን ብቻ ወስጃለሁ። ሀሊሞ ሞተሩ የቤቷን ቆርቆሮ እንዳነሣው ትናገራለች። ሌሎቹ አልተስማሙም፤ ስለዚህ ትቼዋለሁ።

«ጃማዕ፣ አራት ልጆች አምጥቼልሃለሁ» አለች የምሥራች።

«ምን ላድርጋቸው?»

«ምንም። ይመራመራሉ።»

«ወላሂ እኔ ራዲያተር ነው የማውቀው።»

«አንተ ራዲያተርህን ሥራ። እነሱ አጠገብህ ይመራመራሉ።»

ጃማዕ ሲሃምን አያት። «ይሄ ነገር ይፈነዳል?»

«አይፈነዳም!» አለች የምሥራች። ሲሃም በኋላ እንደነገረችኝ፣ እሷ ልትመልስ የነበረው «ሁላችንም ከብረት ላሜራ ጀርባ ከቆምን ችግር የለም» ብላ ነበር።

ጃማዕ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ይጩኽ፣ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ግን እንዳይነሣ። ከቀትር በኋላ መጋላ ወይ ተኝቷል ወይ ጫቱን ይዞ ትራሱን ተደግፏል። በዚያ ሰዓት እንኳን ጄት፣ መዶሻም አይነሣም። ልጆቹ ተስማሙ፤ ሥራቸውም ጥሩ ሄደ። የምሥራች የመጀመሪያውን ጩኸት ሰምታ እንደተመለሰች ብርድ ልብሳችንን ቆርጣ የጆሮ መሸፈኛ መስፋት ጀመረች። የቆረጠችው በእኔ በኩል ያለውን ነበር።

ችግሩ ጋራዥ የምርምር ቦታ ተብሎ አለመታወቁ ነበር። ልምምዱ እንዲቆጠርላቸው ከአዲስ አበባ አንድ ገምጋሚ መጥቶ አይቶ ማጽደቅ ነበረበት። ካላጸደቀ አራቱም ዓመት ይደግማሉ፤ ጃማዕ ጋራዥም ከዚያ በኋላ ተማሪ አይገባም። የምሥራች ገምጋሚውን ዶክተር ኒቆዲሞስን በስልክ ስታነጋግር ቦታውን «የመጋላ የግፊት ምርምር ጣቢያ» ብላ ጠራችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

«እንደዚህ የሚባል ጣቢያ የለም» አልኳት።

«ስም ሳይወጣለት ማን ይመዘግበዋል?» አለችኝ።

ግምገማው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ ጠዋት ተቀጠረ። አውሮፕላኑ ዘገየ። ዶክተር ኒቆዲሞስ መጋላ ሲደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ በማታው በረራ ደግሞ መመለስ ነበረበት። ኮቱን እንደለበሰ ከባጃጅ ወረደና «ጃማዕ ቱርቦና ራዲያተር ጥገና» የሚለውን ሰሌዳ አነበበ። ከሥሩ ሁለት ፍየሎች ተኝተዋል።

«ጣቢያው የት ነው?» አለ።

«እዚሁ ነው። ፍየሎቹ የጣቢያው አይደሉም» አለች የምሥራች።

ጃማዕ ግን ሞተሩን አላስነሣም አለ። «የምሥራች፣ ቃል አለን። ሰው ተኝቷል። ነገ እኔ እዚሁ ሰፈር ነው የምኖረው፤ እሱ በአውሮፕላን ይሄዳል።»

«ሰፈሩ ራሱ ከፈቀደስ?»

«በዚህ ሰዓት ማን በር ይከፍታል?»

የምሥራች ነጠላዋን አጥብቃ ወጣችና የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። የሀሊሞ ቤት ነው። ሀሊሞ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ቀትር ላይ ቤቷ ገብታ ታርፋለች።

«አንቺ የምሥራች! ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። አንድ ነገር ላስጮህ ነው፣ ፍቀጂልኝ።»

«ያንን የጠዋቱን ሰይጣን?»

«እሱን። ሻይ እስኪፈላ ብቻ።»

«በአንቺ ምድጃ ነው በእኔ?»

«በአንቺ። የእኔ ቶሎ ያፈላል።»

ሀሊሞ ሳቀች። «ያ ኮት የለበሰው እንግዳ ነው?»

«ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። የልጆቹ ዓመት በእሱ እጅ ነው።»

«አቦ፣ ታዲያ እንደዚህ አትይኝም? አስጩሂው!»

የምሥራች ቀጥላ የመስመሩን በሮች ሁሉ አዳረሰች። አንዱ በር በሶማሊኛ ሰድቧት ፈቀደ፤ ሌላው ፈቅዶ ኋላ ሰደባት። ትራሱን የተደገፈ አንድ ሽማግሌ «ካስነሣችሁት አይቀር እኔም ልየው» ብሎ ጫቱን እንደያዘ ተነሣ፤ እሱን ያየ ሁሉ ተከተለ። እሷ ስትመለስ የሰፈሩ ሰው ምንጣፉንና ቴርሞሱን ይዞ ከጋራዡ አጥር ውጭ ተቀምጦ ነበር። አውሮፕላን የሚነሣ መስሏቸው ሕፃናት ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

እዚህ ላይ ሀሊሞ እንግዳ አከበረች። ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ያለበት ደጅ በአቧራ አይታይም፤ ውኃ ይረጫል፣ ይቀዘቅዛል። ሁሉም በጩኸቱ ዝግጅት ሲዋከብ ሀሊሞ ባልዲዋን ይዛ ገባችና ግቢውን ከዳር እስከ ዳር በእጇ ረጨችው። ሞተሩ የተጫነበትን ጋሪ ሥር፣ የዶክተሩን ጫማ ፊት፣ መሬት ላይ ክፍት ሆኖ የተቀመጠውን የልጆቹን የኤሌክትሮኒክ መለኪያ ጭምር። መለኪያው ጭስ አወጣና ጠፋ።

ሲሃም ተንበርክካ ነካካችው። አልነሣ አለ።

«ምን ሆነ?» አለች ሀሊሞ።

«ግፊቱን የሚለካው እሱ ነበር» አለች ሲሃም።

ዶክተር ኒቆዲሞስ ሰዓቱን አየ። «ካልተለካ ምርምር ነው ማለት አልችልም። ለሚቀጥለው ዓመት...»

«ስንት ኪሎ እንደሚጎትት ነው ማወቅ የምትፈልገው?» አለች የምሥራች።

«በግምት፣ አዎ።»

«ሀሊሞ! የሽንኩርት ሚዛንሽ ቤት ነው?»

ሀሊሞ ሮጠች። ያመጣችው በመንጠቆ የሚንጠለጠል የስፕሪንግ ሚዛን ነበር። ሲሃም አየችውና ጣቷን መቁጠር ጀመረች። ሚዛኑን ከብረት ምሰሶ ጋር አሠረችው፣ ጋሪውን በገመድ ከመንጠቆው ጋር አያያዘች። ሞተሩ ጋሪውን ወደፊት ሲገፋ ገመዱ ሚዛኑን ይጎትታል።

«ሚዛኑ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለ ዶክተር ኒቆዲሞስ።

ሀሊሞ ወገቧን ያዘች። «አንተ! ሌባ ነሽ ነው የምትለኝ?»

አዲስ አበባ በአንቱታ ያደገው ሰውዬ ደነገጠ። «ኧረ እማማ፣ እርስዎን አይደለም...»

«እማማ ብሎ ደግሞ አረጀሁ አለኝ!»

ነገሩን ያረጋጋችው ሲሃም ናት። ከሱቅ ያልተከፈቱ ባለ አንድ ኪሎ የፓስታ እሽጎች አስመጥታ አንድ በአንድ እያንጠለጠለች ንባቡን ጻፈች። ሚዛኑ በእያንዳንዱ ኪሎ ትንሽ ወደ ገዢው ያደላ ነበር። የከሰረችው ሀሊሞ ራሷ ነበረች፤ በማግስቱ ሚዛኑን አሳደሰች ይባላል።

ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ከላሜራው ጀርባ ገባ። ሞተሩ መጀመሪያ አፏጨ፣ ቀጥሎ አገሳ፣ ቧንቧው ቀላ። ፍየሎቹ አጥሩን ዘለው ሄዱ። ሚዛኑ ተንቀጠቀጠና ከሦስት ኪሎ ጥቂት አለፍ ብሎ ቆመ።

ሞተሩ ሲጠፋ የሀሊሞ ድምፅ ብቻ ተሰማ። «ይሄ ሁሉ ጩኸት ለሦስት ኪሎ?»

ሰፈሩ ሳቀ። ዶክተር ኒቆዲሞስ ግን የሲሃምን ስሌት ገልጦ እያየ ነበር። «እዚህ አራት ኪሎ ግድም ይላል። ለምን አነሰ?»

የምሥራች አፏን ከፈተች። ጃማዕ፣ ሀሊሞና ሲሃም ሦስቱም በዚህ ይስማማሉ፤ ከፈተችው፣ ከዚያ በእጇ አፈነችው። ስለ ጄት ሞተር የምታውቀው ጩኸቱን ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል። ሌላ ሰው ተጠይቆ ዝም ስትል ከሃያ ዓመት ትዳር በኋላ እንኳ አይቻት አላውቅም፤ ይህን አለማየቴ ይቆጨኛል።

ሲሃም መልሱን ፈልጋ ወዲያ ወዲህ አየች። የሚመልስላት እንደሌለ ስታውቅ ቀና አለች።

«ስሌቱን የሠራሁት ለጠዋት አየር ነው። አሁን ሙቀት ነው፤ የሞቀ አየር ስስ ነው፣ ቱርቦው በአንድ ዙር የሚስበው አየር ያንሳል። ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። ጠዋት ብትመጡ... አውሮፕላኑ ባይዘገይ አራት ይሞላ ነበር።»

ዶክተር ኒቆዲሞስ ኮቱን አወለቀ። እዚያው በርጩማ ስቦ ተቀመጠና በዚያ ሙቀት እንደገና አስልታ እንድታሳየው አዘዛት። ልጅቷ በላብ እየታጠበች አሰላች። ሦስት ኪሎ ከጥቂት መጣ። ወደ አየር ማረፊያ ሲሄድ ሀሊሞ አንድ ፌስታል ሽንኩርት አስያዘችው። «ተመዝኗል» አለችው።

ያም ሆኖ መልስ ሳይመጣ ሳምንታት አለፉ። ልጆቹ በየቀኑ የምሥራችን ቢሮ ያንኳኳሉ፤ እሷም «ይመጣል» ትላለች፣ ማታ ቤት ውስጥ ግን ምግብ አይገባላትም ነበር። ደብዳቤው የመጣው በግንቦት መጨረሻ ነው። የጃማዕ ጋራዥ ለሁለት ዓመት ለልምምድ ጸድቋል፤ የአራቱም ልምምድ ተቆጥሯል። የዚያኑ ማታ ለመጪው ዓመት ልጆች የጆሮ መሸፈኛ ልትሰፋ እንደገና ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ፣ ከመታመሟ አንድ ቀን በፊት፣ የአራቱን ውጤት ለማስገባት ወደ መስኮቴ መጣች። በጓሮ በር መግባት ትችል ነበር። እኔ ግን ለማንም በጓሮ አልከፍትም፤ ለእሷም። ስለዚህ ከተማሪዎቹ ጋር ተሰለፈች፤ ተራዋ እስኪደርስ ከፊቷ ያለችውን ልጅ ከየት እንደመጣችና የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቃ ጨርሳለች።

«ቀጣይ» አልኩ።

«እኔ ነኝ።»

«ዋናው ወረቀት የታለ?»

«ይኸውልህ ዋናው። ማኅተሙን እየው፣ ፊርማውን እየው፣ ከፈለግህ አሽትተው።»

አየሁት። የአራቱንም በየስማቸው አስገባሁ። የሲሃምን ሳስገባ አንገቷን በመስኮቱ አሾለከች።

«ስንት ይላል?»

«ኤ።»

«ድገመው።»

«ኤ። የምሥራች፣ ሰው ተሰልፏል።»

«ገብቷል? በቃ?»

«ገብቷል።»

ወረቀቱ የነበረበትን ባዶ ፖስታ አነሣች፤ ሙቀት ስለነበር ፊቷን በእሱ እያራገበች በኮሪደሩ ወጣች።