ሰርካዲስና የሽንሌው ፍተሻ

ሰርካዲስ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጎረቤቴ ነበረች። ባሏ ገብረ መድኅን ባቡር ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነበር፤ እሷ ግን «እኛ የባቡር ሰዎች» ነበር የምትለው። ክፉ ሴት አልነበረችም። የታመመ ትጠይቃለች፣ ያላትን ታካፍላለች። ብቻ ራሷ የት እንደቆመች ለማወቅ ሁልጊዜ ከበታቿ የሚሆን ሰው ያስፈልጋት ነበር። እነሱም ወገባቸው ላይ ሽፎን ጨርቅ ጠምጥመው፣ ከፈታሽ ሰውረው በባቡር እያመጡ ቀፊራ ገበያ የሚሸጡት ሴቶች ነበሩ።

በሃምሳ አራት ዓ.ም. ልጇን ልትድር ሆነ። ለመልስ ቀሚስ የሚሆነው ሽፎን እኛ ጋ ዋጋው አይቀመስም ነበርና ከእነዚያው ሴቶች አንዷን፣ ፋርቱንን ይዛት እንድትሄድ ለመነቻት። ከእሷ ጋር ብቻዬን አልሄድም ብላ እኔንም ጨመረችኝ። ድንበሩ አጠገብ ያለችው አይሻ ስንደርስ ፋርቱን የዘመዷን ቤት በር ዘግታ አሥራ ሁለት ሜትር ሽፎን ጠመጠመችላት።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ባንድ ቀን ወፈርሽ! ገብረ መድኅን አያውቅሽም» ብላ ሳቀች።

ሰርካዲስ አልሳቀችም። የባቡር ሠራተኛ ሚስት በነጻ ማለፊያ ተሳፍራ ኮንትሮባንድ ይዛ ከተገኘች ባሏ ከሥራ ይባረራል።

ለመመለስ ባቡሩ ላይ ስንወጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ፋርቱን፣ አንቺ እዚያ ማዶ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጪ» አለቻት። ፋርቱን ወደ ማዶ ሄደች።

ሽንሌ ጣቢያ ላይ ፈታሽ ገባ። በቀጭን ዱላ ጫፍ የሴቶቹን ወገብ መታ መታ ያደርጋል፤ ጨርቅ የታጠቀችው በድምፁ ትታወቃለች። እኛ ጋ ሲደርስ ላብ ከሰርካዲስ አገጭ ነጠላዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«እርስዎስ፣ እመቤት?»

«እኔ?» አለች፣ ፉርጎው ሁሉ እስኪሰማ። «እኔ የባቡር ሰው ሚስት ነኝ! ከእነዚህ ጋር ትቆጥረኛለህ?»

ማለፊያዋን አይቶ ዱላውን ዝቅ አደረገ። ከፋርቱን ላይ ግን ሦስት ጥቅል ወጣ።

«ሌላ የታጠቀ ማን አለ?» አላት። «ንገሪኝና የራስሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ፋርቱን ቀና ብላ ሰርካዲስን አየቻት። ሰርካዲስ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሰበሰበች። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«እሷ» አለች ፋርቱን በጣቷ እያመለከተች።



«እሷን ጠይቃት። የባቡር ሰው ናት፣ አትዋሽም። እኔ ኮንትሮባንዲስት ነኝ፤ ብነግርህስ ወላሂ መቼ ታምነኛለህ?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ፈታሹ ፊቱ ጠቁሮ ጥቅሎቹን አንጠልጥሎ ወረደ።

በማግስቱ ከሽፎኑ ስድስት ሜትር ቆርጣ፣ «አብረሽኝ ሂጂ» አለችኝ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ፋርቱን ቤት ደረስን። ፋርቱን መጋረጃውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ጨርቁን ተቀበለች።

«ለሙሽራዋ አላህ ይባርክላት» አለች።

ከበሩ ግን ፈቀቅ አላለችም። እኛም ቆምን። ከውስጥ የሴቶች ጨዋታ ይሰማል፤ በሩ ላይ ጫማቸው ተደርድሯል። ደጇ ለደረሰ ሁሉ፣ ለለማኝ እንኳ፣ «ግቡ» የምትል ሴት ነበረች። ያን ቀን አላለችም።

«ሥራ በዝቶባት ነው» አለችኝ ሰርካዲስ ስንመለስ።

«ይሆናል» አልኳት።