ዝምታዋን የተረጎምኩበት ቀን

ይህን ነገር ከነምክንያቱ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የንስሐ አባቴ ኃጢአቴን ሁሉ የሚያውቁ ይመስላቸዋል። ጾም መግደፌን፣ ከወንድሜ ጋር ተኳርፌ መክረሜን፣ ቅዳሴ ማርፈዴን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ይቺን ግን በደረስኩባት ቁጥር እዘላታለሁ። ብነግራቸው ስግደት ሰጥተው ይፈቱኛል፤ እኔ ደግሞ መፈታት አልፈልግም። ስለዚህ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ሰዎች እናዘዛለሁ። እንዳታዝኑልኝ ግን አደራ።

ዳላስ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ድርሰት አስተምራለሁ። ያኔ ቋሚ መምህር አልነበርኩም። ውሌ በየሴሚስተሩ እየታደሰ፣ ከምኖርባት ከዋይሊ ከተማ ተነስቼ ግማሽ ቀኔን መንገድ ላይ እየጨረስኩ የማስተምር ሰው ነበርኩ። ሰፈር ውስጥ ፕሮፌሰር ይሉኛል፣ እኔም አላርማቸውም።

ኤአይ የሚሉት ነገር ሲመጣ ኮሌጁ ተሸበረ። ተማሪው ጥያቄውን ለማሽኑ ሰጥቶ ያለቀለት ድርሰት ይዞ ከተፍ ይላል። ስብሰባ በስብሰባ ሆንን። አንዱ ዲግሪ ከእንግዲህ ባዶ ወረቀት ነው ይላል፣ አንዱ ወጣቱ ማሰብ ሊያቆም ነው ይላል፣ ሌላው ነገ እኛንም በማሽን ይተኩናል ይላል። ፍርሃቱ የውሸት አልነበረም፤ ዛሬም እኔው ራሴ እፈራለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ማሽን ተማሪን አያውቅም፣ ተማሪን የሚያውቀው መምህር ነው ብዬ ጠረጴዛ የመታሁት እኔ ነኝ። አጨበጨቡልኝ። በዚያው ሰሞን አንድ ቋሚ የመምህርነት ቦታ ክፍት ነበር፤ ይህንንም ልብ በሉልኝ።

ሙሉእመቤት ተማሪዬ ነበረች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ጋርላንድ የምትኖር፣ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በዊልቸር የምትገፋ ሴት ናት። ኮሌጅ የገባችው ነርስ ለመሆን ነው። ለዚያ የእኔን ትምህርት ማለፍ አለባት፣ ስሟም ንጹሕ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ አጭበርብራለች የተባለች ተማሪ የነርሲንጉ በር ይዘጋባታል። ይህን እሷም ታውቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ስለ አንድ ሽማግሌ አጫወተችኝ። ልጆቻቸው ብቻቸውን የላኳቸው ሰውዬ ናቸው። እስከ መሳፈሪያው በር ገፍታ አድርሳቸው ልትመለስ ስትል እጅጌዋን ይዘው አለቅም አሏት፤ አብራቸው የምትሳፈር መስሏቸው ኖሯል። እንባዋ መጣ። «ይሄንን ጻፊው» አልኳት። ጻፈችው። ድርሰቱን ኮሌጁ የማሽን ጽሑፍ እንዲለይ ለገዛው ሶፍትዌር ስሰጠው ቀይ አበራ፤ የማሽን ሥራ ነው አለ።

ለምን እንዲያ እንዳለ አንዴ አንብቤ ገባኝ። ያ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው እንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የድርሰት ናሙና ይጽፋል፤ መግቢያው በዚህ ይጀምራል፣ ማያያዣው ይህ ነው፣ መደምደሚያው እንዲህ ይላል። እኛ እንሸመድዳለን፣ ፈተና ላይ እንደወረደ እንገለብጠዋለን። ስሕተት የለውም፣ ለዛም የለውም። የሙሉእመቤት አንቀጾች ሁሉ ክራባት ያሰሩ ነበሩ። የእኔም ጽሑፍ አሜሪካ ስመጣ እንደዚያው ነበር። መሐል ላይ ግን ሽማግሌው አሉ፣ እጅጌዋን እንደያዙ። ከራሷ አፍ የሰማኋቸውን ሰውዬ ማሽን ከየት ያመጣቸዋል?

የራሷ ሥራ መሆኑን አወቅሁ። እያወቅሁ ከሰስኳት።

ለምን? የአገሩን ልጅ አሳለፈ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው? አዎ። ቋሚውን ቦታ ፈልጌ ነው? አዎ። ያን ያህል ጮኼ አንድ ሰው እንኳ ሳልይዝ ብቀር ይታዘቡኛል ብዬ ነው? እሱም አዎ። ክሱን ራሱን በማሽን አስጽፎት ይሆናል ብላችሁ ጠርጥራችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ምነው ባስጻፍኩት። ክሱን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፣ ቃል እየመረጥኩ፣ እየሰረዝኩ፣ እያቃናሁ። ጥሩ ድርሰት ወጣው።

የኮሌጁ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ፊት ቀረብን። ሰብሳቢዋ ደግ ሴት ናት፤ በለሰለሰ ድምፅ፣ ይህን የጻፍሽው በማሽን ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሙሉእመቤት አንገቷን ደፋች። ቆይታ ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ «እርስዎ ያውቃሉ» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም ነበር። ግን ልጻፈው፣ እንዳወቅሁት እንዲታወቅብኝ። እሷ ባደገችበት ቤት መምህርን ፊት ለፊት ዋሽተሃል አይሉትም። ጨዋ ልጅ የሚያከብረው ሰው ሲከሰው ያቀረቅራል፣ እውነቱን ለዚያው ሰው ኅሊና ይተወዋል። ዝም አይነቅዝም እየተባለች ነው ያደገችው፣ እኔም እንደዚያው። ያን ቀን ዝም ያለችው ጥፋት ኖሮባት አልነበረም። እኔ እንድናገርላት ነው። ሕይወቷን እጄ ላይ አስቀምጣ ነው ያቀረቀረችው።

ሰብሳቢዋ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማቀርቀር ምን እንደሆነ የሚያውቀውም እኔ ብቻ።

«አትክድም» አልኩ።

ሰብሳቢዋ እርግጠኛ ነህ ወይ አለችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። በእኛ ባህል ሰው አንገቱን የሚደፋው ሲያጠፋ ነው ብዬም ጨመርኩላት፤ እንደ አዋቂ፣ እንደ መምህር ሆኜ አስረዳኋት። ሙሉእመቤት እንግሊዝኛ ትሰማለች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ መልሳ አቀረቀረች።

አጭበርብራለች ተባለ። ነርሲንጉ ቀረ፣ ቀጥሎ ትምህርቱም ቀረ። እሷ አውሮፕላን ማረፊያው ተጨማሪ ፈረቃ ያዘች፣ እኔ ቋሚ ቦታዬን ያዝኩ።

ጊዜ አለፈና ኮሌጁ ያንን ሶፍትዌር ጣለው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነውን ሰው ጽሑፍ ያለ ኃጢአቱ የማሽን ነው ይላል ተባለ። ያለፉት ክሶች እንደገና ታዩ፤ ብዙዎቹ ነፃ ወጡ። ባልደረቦቼ እፎይ አሉ፤ ያሳሳተን ማሽኑ ነው አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። የሙሉእመቤት ጉዳይ ግን አልተነሳም። የእሷ ፍርድ የቆመው በሶፍትዌሩ ላይ ሳይሆን በማመኗ ላይ ነዋ። ያመነችው ደግሞ በእኔ አፍ ነው።

ሰብሳቢዋ ቢሮ ሄጄ ነገርኳት። ደነገጠች፤ ከዚያ መውጫ ልትሰጠኝ ሞከረች። የትርጉም ስሕተት ነበር በል፣ ቋንቋ ከባድ ነው፣ ሁሉም ይረዳሃል አለችኝ። አልተሳሳትኩም አልኳት፤ ዋሽቻለሁ። በጽሑፍም ይህንኑ ሰጠኋት። የሙሉእመቤት ጉዳይ አሁን እየታየ ነው፣ የእኔም ወንበር እየታየ ነው። ከፈለጉ ይውሰዱት።

ስለ ዩኒቨርሲቲ የወደፊት ዕጣ ዛሬም ይሰበሰባሉ። መጨረሻ በተገኘሁበት ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። ማሽኑ የማይችለውን አንድ ነገር እችል ነበር፣ የአንዲት ሴት ዝምታ ምን እንደሚል አውቅ ነበር፣ አውቄ ሸጥኩት አልኳቸው። ማሽን ይገድለናል ስትሉ እሰማለሁ፤ ያን ቀን እሷን የገደላት ማነው ብዬም ጠየቅኋቸው። አሁን ማንም አላጨበጨበም። ሻይ ሰዓት ደረሰ ተባለ።

ለሙሉእመቤት ራሴ ደወልኩላት። «ፕሮፌሰር፣ ደኅና ነዎት?» አለችኝ፣ እንደ ድሮዋ። ያደረግኩትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ከጀርባዋ የበረራ ጥሪ ይሰማል። 

«ሶ፣ ያኔ ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ኦኬ። አሁን ሺፍት ላይ ነኝ፣ የምገፋቸው ሰው እየጠበቁኝ ነው» ብላ ዘጋችው።

ባለቤቴ አልማዝ ይህን ስትሰማ አዘነችልኝ። «ሶ፣ እንደዚህ ተክዘህ ልትቀር ነው? ቀሲስን ኮል አድርግና ሽማግሌ ይዘህ ጋርላንድ ሂድ። ድንጋይ ተሸከምና እግሯ ላይ ውደቅ። ማለቴ፣ እምቢ አትልህም እኮ» አለችኝ።

እምቢ አትልህም። ችግሩ እሱ እኮ ነው። ሽማግሌ ደጇ ቆሞ፣ ቄስ መስቀል ይዞ፣ አስተማሪዋ ድንጋይ ተሸክሞ ከፊቷ ወድቆ፣ ሙሉእመቤት ምን ብላ እምቢ ትላለች? ታቀረቅራለች። እግዜር ይቅር ይበልዎ ትለኛለች። ሽማግሌዎቹ ይመርቁናል፣ ምሳ ይቀርባል፣ እኔ ቀለል ብሎኝ መኪናዬን አስነስቼ ወደ ዋይሊ እመለሳለሁ። እሷስ? እሷ ምን ብላ እንዳቀረቀረች ማን ይጠይቃታል? ያንንስ ዝምታ እንደገና እኔው ልተርጉመው? ይቅር ብላኛለች ብዬ?

አልሄድም። ሽማግሌም አልልክም። ልበ ደንዳና ነው፣ ትዕቢተኛ ነው የሚለኝ ይበለኝ። ያቺን ሴት የጎዳኋት ጨዋነቷን ይዤ ነው፤ በዚያው በጨዋነቷ ደግሞ ምሕረት አላስከፍላትም። ልትጠላኝ መብት አላት። ደስ እስኪላት ትጥላኝ። ከእናንተ መካከል ጋርላንድ የምትኖሩ፣ የምታውቋትም ካላችሁ፣ እባካችሁ አታስታርቁን።