ሣጥን የሞላበት ኢሜይል

ፈህሚያ ጎንደር ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት አላት። ሞዚላም ይሁን ኦፔራ፣ አዲስ የኢንተርኔት መክፈቻ ብሮውዘር ሲወጣ፣ ፍጥነቱን ሲያወሩላት አትሰማም፤ አማርኛ ካላሳየ ታጠፋዋለች። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍማ ያንገሸግሻታል።

የማክሰኝቱ ገበሬ አያ ፋንታሁን ቤይሩት ያለችው ልጃቸው የምትልከው ኢሜይል በአሮጌው ብሮውዘር በፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ብቻ እየሆነ፣ «ምነው ልጄ፣ ምን ደረሰብሽ?» እያሉ በፈህሚያ እጅ ሲያስጽፉ ከረሙ። ዛሬ ፈህሚያ በአዲሱ ስትከፍተው ፊደሉ ወለል ብሎ ታየ።

«ደህና ነኝ አባዬ፣ ሥራውም ሸጋ ነው» ብላ አነበበችላቸው። አያ ፋንታሁን በረጅሙ ተነፈሱ።

ከሥር ግን እንዲህ ይላል፦ «ከናንተ የሚመጣው ሣጥን ብቻ ነው። ምን ሆናችሁ? እንቅልፍ አጣሁ።»

ፈህሚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ በዚያው በምትጠላው የእንግሊዝኛ ፊደል «ሁሉም ደህና ናቸው፤ ብሮውዘርሽን ቀይሪ» ብላ ላከችላት።