የነቀነቅሁት ደም

የልጅ ልጆቼ "ሐኪም ቤት ደም ሲቀዳ ለምን ቁጭ ማለት ያቅትሻል?" እያሉ ይጠይቁኛል። ልንገራቸው እንግዲህ። የአልኮሉ ሽታ ነው፤ ገና ሲሸተኝ ጂንካ ክሊኒክ እገባለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ጉልበቱ አብጦ በትኩሳት ሲነድ፣ እናቴ ቀይ አፈር ከሚባለው መንደራችን አዝላው መጣች፤ እኔም ከኋላ። የክሊኒኩ ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ደሙን ቀድቶ በቀጭን የመስታወት ቱቦ አቆመው። "አንድ ሰዓት ይቁም። ቀዩ ቶሎ ከወረደ ውስጡ ክፉ ቁስል አለ ማለት ነው፤ በዛሬው መኪና አርባ ምንጭ ሆስፒታል ይሄዳል" ብሎን ወጣ።

እኛ በናዎች ልንጠጣው ከበሬ አንገት የቀዳነውን ደም ዝም ብለን አናስቀምጥም፤ እንዳይረጋ በእንጨት እናማስለዋለን። ቤት ውስጥ ያ የኔ ሥራ ነበር። ቀዩ ወርዶ ከላይ ቢጫ ውሃ ሲቀር ሳይ እጄ አላስችል አለኝ። ቱቦውን አንስቼ ነቀነቅሁት፤ ደሙ ክንዴ ላይ ፈሰሰ።

"አንቺ! ምን ነካሽ?" አለ ድሬሰሩ ሲመለስ።

"እንዳይረጋ ነው፣ ጋሼ።"

ወንድሜ እያለቀሰ እንደገና ተወጋ፤ ሰዓቱም እንደገና ተጀመረ። እኔ ውጭ ክንዴን ስታጠብ መኪናው ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ። ሌላ መኪና የተገኘው በሳምንቱ ነው። የወንድሜ ጉልበት ታጥፎ ቀረ። ሲያነክስ ባየሁት ቁጥር ክንዴን እጠርጋለሁ።

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ ልትሞት ስትል ነው። እንደገና የተጀመረው ሰዓት ሳይሞላ፣ መኪናውም ገና ሳይሄድ፣ ቀዩ ወርዶ ስላየ፣ ድሬሰሩ "በቃ፣ አሁኑኑ ተሳፈሩ" ብሏት ነበር። "ልጄን ወደማላውቀው አገር አልወስድም" ያለችው እሷ ናት።